የጋሽ ጥላዬ ትራክተርና የአቶ ድንበሩ ሪዝ

አንድ ቀን አሰላ ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች በአንዲት ትራክተር ጩኸት ተካሰሱ። ነገሩን ለየት የሚያደርገው ትራክተሯ ጮኻ የማታውቅ መሆኗ ነው።

ከሳሹ አቶ ድንበሩ ናቸው። እሳቸውን ለማስተዋወቅ እኔ መድከም አያስፈልገኝም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ ነው የኖሩት። ከግምጃ ቤት ኃላፊነት በጡረታ ከተገለሉ ወዲህ ሐኪሙን ስለ መድኃኒት፣ ቄሱን ስለ ጾም፣ ገበሬውን ስለ ዝናብ በነፃ ያስተምራሉ። ማንም አይጠይቃቸውም፤ እሳቸውም እስኪጠየቁ አይጠብቁም። በዚያ ላይ ሪዝ አላቸው። ሪዝ ስላችሁ ከአፍንጫ ሥር ዝም ብሎ የበቀለ ጠጉር እንዳይመስላችሁ። ግራና ቀኝ ሽቅብ የተጠመዘዘ፣ ጠዋት ጠዋት ቅቤ የሚቀባ፣ ከባለቤቱ ቀድሞ በር የሚገባ ሪዝ ነው።

ተከሳሹ ጋሽ ጥላዬ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። ስለ ሞቱ ነገሥታት ሲያስተምሩ ኖረው አንዱንም ማስነሳት ስላልቻሉ ነው መሰለኝ፣ ጡረታ ሲወጡ የሞተች ትራክተር ገዙ። ከአንድ ከተዘጋ የእርሻ ጣቢያ በሐራጅ ነው ያወጧት። ድሮ የጣቢያው ፈረንጆች ሣር የሚያጭዱባትና የጓሯቸውን የአትክልት መደብ የሚያርሱባት ትንሽዬ ትራክተር ናት፤ ቁመቷ ከአህያ አይበልጥም። ከአህያ የሚለያት አህያ መሄዷ ነው።

ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል ወይም ንብ ያነባል። ጋሽ ጥላዬ ግን ጠዋት ተነስተው ሞተሯን ይፈቱና ዕቃውን አንድ በአንድ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያሰጡታል። እስከ ምሳ በቤንዚን ሲያጥቡና ሲወለውሉ ይቆያሉ፣ ከምሳ በኋላ መልሰው ይገጥማሉ። ገጥመው ሲጨርሱ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፋቸዋል። «ይቺ ከመጀመሪያውም አታስፈልግም ነበር» ብለው ኪሳቸው ይከቷታል። ከዚያ የማስነሻ ገመዱን ይስባሉ። ዝም። ደግመው ይስባሉ። አሁንም ዝም። «ዛሬስ ልትነሳ ምንም አልቀራት!» ይሉና ደስ ብሏቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ይገባሉ።

ለእሷ ሲሉ ያልሄዱበት የለም። ካንዴላ ፍለጋ አዳማ ወርደዋል፣ ማርሚታ ፍለጋ መርካቶ ውለው አድረዋል። ቀዩን ቀለም በብሩሽ ቀብተው በዚያው ሳምንት «ድሮ የነበራት ቀይ እንዲህ አይደለም» ብለው ፍቀውታል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ትራክተሯን ስም አውጥተውላታል፤ «ጣውንቴ» ነው የሚሏት።

«ለጣውንቴ ጎማ ተገዛላት፤ ለእኔ ጫማ ሲባል ግን ጡረታው አይበቃም» ይላሉ። «ደግሞኮ ጣውንት እንኳ አንዳንዴ ትናገራለች!»

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ጋሽ ጥላዬ የሚኖሩት በዚያች ትራክተር ነበር። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል፤ ደወል ሰምቶ ክፍል መግባት ቀርቷል፤ በዚያ በአሰላ ብርድ ጠዋት ከአልጋ የምታስወርዳቸው እሷ ብቻ ነበረች። እሷን መውሰድ ማለት ሰውየውን መልሶ ማስተኛት ነው። ይህን እትዬ አስካለም ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው እየተሳደቡ ጆንያውን የሚያጥቡላቸው።

አቶ ድንበሩ ትራክተሯን ገና ከጭነት መኪና ስትወርድ ነበር የናቋት። ከዕለታት በአንዱ እሑድ የእድሩ ስብሰባ ሲያበቃ፣ አባላቱ ገና ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ጋሽ ጥላዬ ለጎናቸው ሰው ስለ ካርቡራተር ሲያወሩ ሰሟቸውና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስማ ጥላዬ! እኔ በግምጃ ቤት ሳለሁ ከመርፌ እስከ ቡልዶዘር በእጄ አልፏል። ያቺ ያንተዋ የምትነሳው መቼ እንደሆነ ልንገርህ? በትንሣኤ ሙታን ቀን ነው! ከዚያ በፊት ከተነሳች፣ እዚህ ያለኸው ሕዝብ ስማኝ፣ ይሄን ሪዜን በደረቅ ምላጭ ልላጭ!»

እድርተኛው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ጥላዬም አብረው ለመሳቅ ሞከሩ፤ ፊታቸው ግን እሺ አላላቸውም።

ይህ በሆነ በዓመቱ የአቶ ድንበሩን ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። አቶ ድንበሩ ግቢውን አስጠርገው፣ ሪዛቸውን ቅቤ አጠጥተው ተቀበሏቸው። ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር፤ አንደኛው ሽማግሌ ከበረንዳው ሆነው በአጥሩ ላይ አሻግረው እስኪያዩ ድረስ። እዚያ ማዶ ትራክተሯ አንጀቷን ጆንያ ላይ አስጥታ ቆማለች። አጠገቧ አንድ ሰው እስከ ክርኑ ግራሶ ተቀብቶ ይስቅላታል።

«ጎረቤታችሁ ቆራሌ ናቸው እንዴ?» አሉ ሽማግሌው፣ በቅንነት።

አቶ ድንበሩ ያን ዕለት ራት አልበሉም። ሠርጉ ጥር ላይ ነው፤ ያን ሁሉ ሠርገኛ ይህን እያየ ሊጋብዙት ነው? በማግስቱ ቀበሌ ሄደው «ትራክተሯ ትውጣልኝ» አሉ። ቀበሌውም «ሰው በገዛ ግቢው ብረት ቢያስቀምጥ ምን አገባን? ካልጮኸ፣ ካልሸተተ፣ ካልተናከሰ እኛ ዘንድ ክስ የለም» ብሎ መለሳቸው። ሰውየው መንገድ ላይ ሲያስቡ መጡና ከሦስቱ አንዱን መረጡ። ትናከሳለች እንዳይሉ ጎማዋ እንኳ አይዞርም፤ ትሸታለች እንዳይሉ ከሳቸው ሪዝ ቅቤ አትብስም። ስለዚህ ትጮኻለች አሉ። ክሱንም ጠበቃ ሳያማክሩ በራሳቸው እጅ ጻፉት፤ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ማንን ያማክራል?

የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት በተቀመጠበት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ሌላ ሥራ አያሠራም፤ የእድሩ ሰው በሙሉ ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ። ሰብሳቢው ዳኛ አቶ ገመዳ ናቸው፤ ብዙ የማይናገሩ፣ የሰው ነገር የማይረሱ ሽማግሌ። እሳቸውም የእድሩ አባል ናቸው።

«ያስረዱ» አሏቸው አቶ ድንበሩን።

«ክቡር ዳኛ፣ እንቅልፍ ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ገና ሳይነጋ ትነሳለች። መጀመሪያ ጭር፣ ጭር፣ ጭር ትላለች። ቀጥሎ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ... ከዚያማ ዱግዱግዱግዱግ! መስኮቴ ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆው ከመደርደሪያ ይወርዳል!»

አቶ ድንበሩ ሞተሩን በአፋቸው ሲያስነሱት እንዴት አሳመሩት! ሪዛቸው ሳይቀር አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሽ ጥላዬን ዞር ብዬ ባያቸው እንባ አቅርረዋል። አይፈረድባቸውም፤ የትራክተራቸውን ድምፅ ሲሰሙ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

አቶ ገመዳ መነጽራቸውን አወለቁ። «የሰሙት ሞተር ለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት? መዶሻ ወይም የሰው ንግግር እንዳይሆን።»

«እንዴ! እኔ ሞተርና መዶሻ ሊጠፋኝ? ግምጃ ቤት እኮ ነው ያረጀሁት! ሞተር ነው፣ ክቡር ዳኛ። በየቀኑ ትነሳለች!»

«በየቀኑ ትነሳለች» ብለው ደገሙት አቶ ገመዳ፣ ቀስ ብለው።

«በየቀኑ!»

ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። አቶ ድንበሩ ግን አሸናፊ ሰው ስለሆኑ አልዞሩም።

«ጋሽ ጥላዬ፣ ክሱን ሰምተዋል። ያምናሉ ወይስ ይክዳሉ? ካመኑ ትራክተሯ ከግቢ እንድትወጣ እንወስናለን።»

እትዬ አስካለ ባላቸውን በክርናቸው ጎሸሙ። «አትነሳም በልና እንሂድ!» አሉ፤ በሹክሹክታ ነው ያሉት፣ አዳራሹ ሁሉ ነው የሰማው።

ጋሽ ጥላዬ ጭንቅ ያዛቸው። «አትነሳም» ቢሉ ትራክተሯን ያተርፋሉ። ግን ያን ሁሉ ዓመት ሲስቅባቸው በነበረ እድርተኛ ፊት፣ በገዛ አፋቸው፣ «አትነሳም» ማለት! ለእሷ ያን የሚል አንደበት አልነበራቸውም። ቆሙ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክቡር ዳኛ፣ ሰው ለገዛ ትራክተሩ ያደላል፤ እኔ ብመሰክር አልታመንም። ጋሼ ድንበሩ ግን ሁሉን የሚያውቁ ሰው ናቸው። እሳቸው ተነሳች ካሉ ተነስታለች። አምኛለሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ፣ ትራክተሯም ትውጣ። ብቻ ከመውጣቷ በፊት አንድ ምላጭ ይምጣልን። ውሃ እንኳ አያስፈልግም።»

እድርተኛው ያን መሐላ አስታወሰ። ቀጥሎ የሆነውን መናገር አያስፈልግም፤ ከወንበሩ የወደቀም ነበር። አንዱ ነገረኛማ ከኪሱ ፈልጎ እውነተኛ ምላጭ አወጣ። አቶ ድንበሩ እጃቸው ሳይጠሩት ሪዛቸው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ጥር ታያቸው፤ ሠርጉ፣ ፎቶው፣ ያ ሁሉ ሰው፣ በመሃል አፋቸው ብቻውን ራቁቱን ቀርቶ።

አቶ ገመዳ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና «አቶ ድንበሩ» አሉ፣ «እድሩ ላይ ሲምሉ እኔም ነበርኩ። እንግዲህ ለፍርድ ቤቱ አንዱን ይንገሩት። ትራክተሯ ትነሳለች ወይስ አትነሳም?»

አቶ ድንበሩ ወደ ጣሪያው አዩ፣ ወደ መስኮቱ አዩ። ውጭ ሰማዩ አጉረመረመ።

«ክቡር ዳኛ... ሳስበው... ነጎድጓድ ሳይሆን አይቀርም የሰማሁት።»

«በየቀኑ ጠዋት?»

«ወሩ ሐምሌ አይደል?»

«እንግዲያው» አሉ አቶ ገመዳ መነጽራቸውን እየመለሱ፣ «ይህ ፍርድ ቤት ሰማይን ለመክሰስ ሥልጣን የለውም። መዝገቡ ተዘግቷል።»

ጋሽ ጥላዬ ትራክተራቸውን አተረፉ። በማግስቱም በደስታ ሞተሯን ፈትተው ጆንያ ላይ አሰጧት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ለአቶ ድንበሩ ማለቴ ነው። ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ጥላዬ ወገባቸው እስኪቆረጥ ገመዱን ስበው ትራክተሯ ላይ ቁጭ ብለው ሲያርፉ፣ እትዬ አስካለ ከጓዳ ወጡ። ምሳ ቀዝቅዟል፤ ንዴታቸው ግን ትኩስ ነበር።

«ወይ አንቺ ወይ እኔ!» አሉና ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው መነጨቁት። የባላቸው አሳሳብ አልነበረም፤ የጣውንት አሳሳብ ነበር።

ዱግ አለች። ዱግ፣ ዱግ አለች። ከዚያማ ዱግዱግዱግዱግ! ጭሱ ጓሮውን ሞላው፣ ዶሮው ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ውሾች ከየሰፈሩ ጮኹ። እትዬ አስካለ አፋቸውን ይዘው እልል ልበል ወይስ ላልቅስ ሲሉ፣ ትራክተሯ ጋሽ ጥላዬን እንደተሸከመች መንቀሳቀስ ጀመረች። ፍሬኑ ለካ ገና ጆንያው ላይ ነበር። በጎመኑ መደብ ላይ አልፋ፣ ድንቹን ሳይደርስ ገልብጣ፣ የአቶ ድንበሩን የቆርቆሮ አጥር ጥሳ አፍንጫዋን በረንዳቸው ሥር አስገብታ ቆመች። ቆመች እንጂ አልጠፋችም፤ ዱግዱግ እያለች ብርጭቆውን ከመደርደሪያ ታወርደዋለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየሮጠ መጣ።

ጋሽ ጥላዬ ከላይዋ ሆነው፣ ፊታቸው በጥቀርሻ ጠቁሮ፣ እንደ ሕፃን እየሳቁ ጮኹ።

«ጋሼ ድንበሩ! ተነሳች እኮ!»

«ምን አልክ?» አሉ አቶ ድንበሩ ከበረንዳው።

«ትራክተሯ! ተነሳች!»

«አይሰማኝም!» ብለው ጮኹ አቶ ድንበሩ፤ በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ሳይሆን ሪዛቸውን ሸፍነው።