ማሽኑ ያለውን ማተም

አቶ ዓለምሰገድ የራሳቸውን ስህተት በእኔ ላይ ጫኑ። እሳቸው የብሎኬት ማምረቻችን ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ቼክ ላይ ብሩን በፊደል የምጽፍ ነበርኩ። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ያንን አልክድም። ቁጥሩ ከፍ ሲል ደግሞ "እውነት ይሄን ያህል ነው?" እያልኩ እነዘንዛለሁ። ሰለቻቸውና ኮምፒውተሩ ኤክሴል ላይ አሃዙን በራሱ ወደ ፊደል የሚቀይር ቀመር አስገቡ።

"ከእንግዲህ ማሽኑ ያለውን ማተም ብቻ ነው፤ አፍሽን ያዢ" አሉኝ። ያዝኩ፤ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ።

ታዲያ አንድ ቀን ለአሸዋ አቅራቢው ሠላሳ ሺህ ሊከፍሉ ሲሉ አንድ ዜሮ ጨመሩ። ቀመሩም "ሦስት መቶ ሺህ ብር ብቻ" ብሎ አሳምሮ ደገመላቸው። እኔ አተምኩ፣ እሳቸው ፈረሙ፤ ሰውየው ብሩን አውጥቶ ስልኩን ዘጋ።

ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት "አትመሽ ስትሰጪኝ ምነው ዝም አልሽ? ከደመወዝሽ ይቆረጣል" አሉኝ።

"ጌታዬ" አልኳቸው፣ "ነዝናዛዋን አፏን አስይዘው፣ ያሉትን ሁሉ ሳይጠይቅ የሚደግም አሽከር ቀጠሩ። እንግዲህ ከእሱ ደመወዝ ይቁረጡ።"