ሕይወት ያልያዘው እንቁላል

ተረቴ መጣች፣ በር ክፈቱላት። ጥቁር ለብሳለችና ቶሎ አትሳቁባት።

ደሴ ላይ ወይዘሮ ደብሪቱ የምትባል እናት ነበረች። አንድያ ልጇ ምንታምር ገና በሃያ ዓመቷ ሞተችባት። ምንታምር የተወችላት ሁለት ትናንሽ በቀቀኖችን ብቻ ነው፤ ወንዱ አረንጓዴ፣ ሴቷ ቢጫ። እነሱም አረጁ። ወንዱማ ክረምቱን የሚሻገር አይመስልም። ደብሪቱ የምትመኘው አንዲት ጫጩት ነበር። ልጇ በእጇ ያጎረሰቻቸው ወፎች ዘር ሳይተኩ ቢሞቱ፣ ምንታምር ዳግመኛ የምትቀበር መሰላት።

ሴቷ አምስት እንቁላል ጥላ ሦስት ሳምንት ታቀፈች። አንዱም አልተፈለፈለ። ደብሪቱ አንዱን አንስታ በባትሪ መብራት ብታየው ውስጡ ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት የደም ክር እንኳ የለውም።

«አንተ እንቁላል፣ ምነው ሕይወት አልያዝክ?»

«እናቴ ባዶዬን ጣለችኝ፤ እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ? እሷን ጠይቂ!»

ወደ ሴቷ ሄደች። «እንቁላሉ ሕይወት አልያዘም፤ አንቺ ምነው ባዶ ጣልሽ?»

«ባሌ ከላዬ ይወድቃል። እሱን ጠይቂ!»

ወደ ወንዱ ሄደች። «እንቁላሉ ሕይወት አልያዘም፣ ሴቷ ባዶ ጣለች፤ አንተ ምነው ወደቅህ?»

«የምንቆምበት እንጨት ይሽከረከራል። በስተርጅና ምን እግር አለኝ? እሱን ጠይቂ!»

ወደ እንጨቱ ሄደች። «እንቁላሉ ሕይወት አልያዘም፣ ሴቷ ባዶ ጣለች፣ ወንዱ ወደቀ፤ አንተ ምነው ተሽከረከርህ?»

«ጫፌ ተበልቶ የወፍ ቤቱ ቀዳዳ ሰፋኝ። በክር ብታስሪኝ ወፎቹ ክሩን ቆረጣጠሙት። መጋዝ ምትኬን ይቁረጥ!»

መጋዙ የጎረቤቷ የአናጺው ነው። በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ መጋዙን ጠራችው። «እንቁላሉ ሕይወት አልያዘም፣ ሴቷ ባዶ ጣለች፣ ወንዱ ወደቀ፣ እንጨቱ ተሽከረከረ፤ አንተ ምነው ተሰቀልህ?»

«ጌታዬ ሳያነሣኝ በራሴ ልቁረጥ? ጋሽ ወልደየስን ጠይቂ!»

ጋሽ ወልደየስ ጺማቸው አድጎ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ወልደየስ፣ እንደምን ከረሙ? እንቁላሉ ሕይወት አልያዘም፣ ሴቷ ባዶ ጣለች፣ ወንዱ ወደቀ፣ እንጨቱ ተሽከረከረ፣ መጋዙ ተሰቀለ፤ እርስዎ ምነው አያነሡትም?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት።

«ሚስቴን ሸዋረገድን ከቀበርኩ ሁለት ወር ሞላኝ። ከኩታበር ድረስ ሰው መጣ። አንቺ አጥር ለአጥር ሆነሽ ለቅሶ አልደረስሽኝም። አሁን ለወፍ መጣሽ? እጄ ለቤትሽ አይነሣም!»

ደብሪቱ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ምንታምር የሞተች ጊዜ ሸዋረገድ ሦስት ቀን ከጎኗ አልተለየችም ነበር።

«እግሬ ሆይ፣ እንቁላሉ ሕይወት አልያዘም፣ ሴቷ ባዶ ጣለች፣ ወንዱ ወደቀ፣ እንጨቱ ተሽከረከረ፣ መጋዙ ተሰቀለ፣ አናጺው አኮረፈ፤ አንተ ምነው ለቅሶ አልደረስህ?»

«ልጅሽን ከቀበርሽ ወዲህ እንባ ከዓይንሽ አልወጣም። ለቅሶ ቤት ብወስድሽ የተከመረው ይናዳል ብዬ ፈራሁ።»

ለዚህ የሚጠየቅ ሌላ አልነበረም።

በማግስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አናጺው ቤት ገባች። ስለ ወፍ አላነሣችም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አሉ ጋሽ ወልደየስ።

«ሸዋዬ! እኔን ያስተዛዘንሽኝ ሸዋዬ! ሳልቀብርሽ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ምንታምሬ! ልጄ!»

ሽማግሌው ቁጣቸው ጠፋባቸው። አብረዋት አለቀሱ፤ እስኪደክማቸው አለቀሱ።

ደብሪቱ አነባች፤ እግሯ ለቅሶ ደረሰ፤ አናጺው ተነሣ፤ መጋዙ ቆረጠ፤ አዲሱ እንጨት ጸና፤ ወንዱ ቆመ፤ ሴቷ ጣለች፤ እንቁላሉ ሕይወት ያዘ። ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው። ወንዱ በቀቀን ደግሞ እንቁላሉ ሊፈለፈል ሦስት ቀን ሲቀረው ሞተ።

ጫጩቷ የወጣች ጠዋት ደብሪቱ በአጥሩ ላይ ተጣራች። ጋሽ ወልደየስ መጥተው አጎንብሰው አዩ፤ ላባ የላት፣ ዓይኗ አልተገለጠ፣ ሆዷ ብቻ።

«ይቺ አስቀያሚ ናት ይኼን ሁሉ ያስለቀሰችን?»

«ምንታምርም ስትወለድ እንዲሁ ነበረች» አለች ደብሪቱ።

የልጇን ስም ጠርታ ስትስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

ተረቴን እዚህ አሳረፍኳት። ለቅሶ ያልደረሳችሁበት ቤት ያላችሁ፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ተነሡ!