«እችለዋለሁ» ያለችው አህያና የሚንቀጠቀጠው መኪና

አንድ ጊዜ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ዝናብ ጠፍቶ በአምባው ላይ ያለው ምንጭ ሁሉ በደረቀበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ሾፌር ነበረች። የሚስቅ ይሳቅ፤ በዚያ አገር ግን የሳቀባት አልነበረም። ውሃ የቀረው ከገደሉ ሥር ባለው ወንዝ ብቻ ነው፤ ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ደግሞ አሥራ አንድ መታጠፊያ አለው። ጠንካራ እግር ያለው በእግሩ ይወርዳል። አሮጊቷ በግ፣ እርጉዟ ፍየልና ክንፏ የተሰበረው ቆቅ ግን በእሷ መኪና ካልወረዱ ውሃ ሳይቀምሱ መሞታቸው ነው።

መኪናው ሰዎች አገሩን ለቀው ሲሄዱ የጣሉት፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ለገጠር መንገድ የተሠራ አሮጌ መኪና ነበር። መጀመሪያ ያገኘው አያ ጅቦ ስለሆነ ባለቤቱ እሱ ሆነ። ያገኘውም በአፍንጫው ነው። ቆዳ ሸቶት ገብቶ የኋላውን መቀመጫ እስከ ስፌቱ ከበላ በኋላ ነው የገባበት ነገር መኪና መሆኑን የነገሩት። ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪ የሚቀመጠው በባዶ ብረት ላይ ነው።

እንስሳቱ ድርቁ እስኪያልፍ እርስ በርስ ላይበላሉ ተማምለው ነበር። ለአያ ጅቦ ብቻ አንድ ነገር ፈቀዱለት፤ በመንገድም ሆነ በወንዙ ዳር በራሱ ጊዜ የሞተ ቢኖር ድርሻው ይሁን አሉት። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው አንድ ቀን እንኳ ቆሞ እንዲውል አይወድም። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል፤ የእኛይቱ አህያ እንኳን ባል ሊኖራት አለቃዋም ራሱ ጅብ ነበር።

መኪናው መንቀጥቀጥ የጀመረው በኅዳር ነው። መጀመሪያ ሜዳው ላይ ፍጥነት ስትጨምር ብቻ ፊቱ ይርገበገባል፣ መሪውም በሰኮናዋ ውስጥ ይንዘረዘራል፤ ትንሽ ስትጨምርበት ይተዋል። ቆይቶ አንዲት ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ይጀምረው ጀመር። ከሁሉ የከፋው ግን የመሪው መላላት ነበር። እሷ ሩብ ዙር አዙራው ጎማው ገና አልሰማም። ታዲያ ምን ታድርግ፣ ለመደችው። መታጠፊያው ሳይደርስ ቀድማ ትጠመዝዛለች፤ ሲንቀጠቀጥ መሪውን በሁለት ክንዷ ታቅፈዋለች፤ ወደ ገደሉ ሲጎትታት ወደ ተራራው ትመልሰዋለች።

ከኋላ የተቀመጡት ይህን ሁሉ አያውቁም። «እንዴት ያለ ለስላሳ መኪና ነው» ትላለች አሮጊቷ በግ። አህዪት ትከሻዋ እየቆሰለ ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። የአህያ ኩራት ጭነት አለመጣል ነው፤ ሌላ ምን አላት።

እየባሰ ሲሄድ ወደ ቀበሮ ወሰደችው። ቀበሮ ከሾላው ሥር ጋራዥ ከፍቶ መካኒክ ነኝ ይል ነበር።

«ምን ሆነ ደግሞ?» አላት።

«ፊቱ ይንቀጠቀጣል፣ መሪውም ላልቷል።»

ቀበሮ ጎንበስ እንኳ ሳይል ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። «ጎማ ነው» አለና የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛወረው። ሁለት ቀን ደህና ሰነበተ፣ በሦስተኛው ተመለሰበት። እንደገና ስትሄድ «እንግዲያው መሪው ራሱ ነው» ብሎ ከመሪው ሥር ያለውን ብሎን ባለ በሌለ ኃይሉ አጠበቀው። መሪው መላላቱን ትቶ ደረቀ፤ አንዴ ከዞረ ጎትታ ካልመለሰችው አይመለስም። መንቀጥቀጡ ግን አልቀረም። በሦስተኛው ጊዜ ቀበሮ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቀደደ፣ ከመኪናው ሥር ገባ፣ አንድ ቦታ ላይ ጠመጠመና አቧራውን እያራገፈ ወጣ።

«አሁን ዝም ይላል» አላት።

«ዳነ» አላለም፤ ቀበሮ ሲያታልል እንኳ ቃሉን ይመርጣል። ለቀበሮ ከዳነ መኪና ይልቅ ተመላልሶ የሚመጣ መኪና ይሻለዋል።

ላስቲኩም መንቀጥቀጡን ስላላስቀረው አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አህዪት ወደ አባ ዔሊ ዘንድ ሄደች። አባ ዔሊ በሰዎቹ ዘመን በአንድ መካኒክ ግቢ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ፀሐይ ስለማይወዱ ሃያ ዓመት ሙሉ ጥላ ፍለጋ ከሚጠገነው መኪና ሥር ነው የዋሉት፤ ከሥር ሆነው ያላዩት ብረት የለም።

«ሲንቀጠቀጥ ምን ታደርጊያለሽ?» አሏት።

«አጥብቄ እይዘዋለሁ።»

«ካልያዝሽውስ?»

«ሳልይዘው ቀርቼ አላውቅም፣ አባ።»

አባ ዔሊ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ሕመሙን የደበቅሽው አንቺ ነሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ። በይ ግቢና ተቀመጪ። ሞተሩን እንዳታስነሺው። መሪውን ይዘሽ በቀስታ ወደ ግራ፣ በቀስታ ወደ ቀኝ በይ። እኔ ከሥር ሆኜ የትኛው ብረት ቀድሞ እንደሚነቃነቅ፣ የትኛው እንደሚዘገይ አያለሁ።»

«ቀበሮ እንዲህ አላደረገም።»

«ይህ ምርመራ ለብቻ አይሆንም። አንዱ ያንቀሳቅሳል፣ አንዱ ያያል። ቀበሮ ደግሞ ሥራውን የሚያይበት ሰው አይወድም።»

ገቡና ከሥር ተኙ። «ወደ ግራ» ይላሉ፤ «መልሺ፤ እንደገና።» ብዙ አቆዩዋት። ከዚያ የግራውን የፊት ጎማ በክሪክ አስነሷትና ግራና ቀኙን ይዛ እንድትገፋው፣ እንድትስበው ነገሯት። በገፋች ቁጥር ከውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። አህዪት አወቀችው። ሦስት ወር ሙሉ በክንዷ ስታፍነው የኖረችው ነገር ያ ነበር።

«ሰማሽ?» አሉ አባ ዔሊ። «ከመሪው የሚመጣው ዘንግ ከጎማው ጋር የሚገናኝበት አንጓ ነው። የጭን አጥንት ራስ ከዳሌ እንደሚገባ፣ እዚህም ኳስ የመሰለ ብረት በቤቱ ውስጥ ይዞራል። ኳሱ ተበልቷል፣ ቤቱም ሰፍቷል። ቀበሮ ላስቲኩን የጠመጠመው በዚሁ ላይ ነው፤ ስለዚህ ያውቅ ነበር።»

«ምን ይሆናል ታዲያ?»

«አንድ ቀን ኳሱ ከቤቱ ይወጣል። ያን ጊዜ አንቺ መሪውን ብታዞሪ ጎማው በራሱ መንገድ ይሄዳል። ነገ ይሁን ከወር በኋላ አላውቅም። በወዲያኛው አምባ እንዲህ ያለ መኪና ወድቋል። ዝንጀሮ አንጓውን ይፍታው፣ አሞራ ያምጣው፤ ሁለት ቀን ይበቃል። እስከዚያ መኪናው ይቁም።»

ይህን ሲሉ አያ ጅቦ ቀበሮን አስከትሎ ደረሰ። ነገ ቅዳሜ ወደ ወንዙ ጉዞ ስላለ ተሳፋሪው ከአሁኑ ተሰብስቧል። አያ ጅቦ የአባ ዔሊን ቃል ከመጀመሪያው አልሰማም፤ «ይቁም» የምትለዋን ብቻ ያዘ።

«ማን ነው የሚቆመው?» አለ። «ይኸው በጊቱ በጥም ምላሷ ተንጠልጥሏል።»

«ካለፈው ጉዞ በእንስራ ያስቀረነው ውሃ ለሁለት ቀን ያቆያታል» አሉ አባ ዔሊ። «ሁለት ቀን መጠማት ያደክማል እንጂ አይገድልም።»

ቀበሮ ጢሙን አሻሸ። «አያ ጅቦ፣ ክርክሩ ምን ያደርጋል? ትንዳውና እንየው። ሲንቀጠቀጥ ካየን ይቆማል።»

ተስማሙ። አያ ጅቦ ከጎኗ ተቀመጠ፣ ተሳፋሪዎቹ ከመንገዱ ዳር ቆመው ያያሉ። አህዪት እስከ ሾላው ነዳችው፣ አዙራም መለሰችው። መኪናው በመንገዱ መሃል ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። ነገሩ እንዲህ አልነበረም። መሪው ሰኮናዋን ሊያስለቅቃት ሁለት ጊዜ ታግሏታል፤ እሷም እንደለመደችው አቅፋ አስቀረችው። አንዴ ብቻ፣ ለአንዲት አፍታ ብትለቀው ኖሮ ሁሉም ያዩት ነበር። ይህን ታውቃለች። ነገር ግን ያ ሁሉ ዓይን እያየ መልቀቅ ጭነት መጣል መሰላትና ክንዷ እንቢ አላት።

«የታለ መንቀጥቀጡ?» አለ አያ ጅቦ።

«የያዝኩት እኔ ነኝ፣ አያ ጅቦ» አለች በዝግታ።

«እኮ፣ ልትይዢው አይደል የተቀመጥሽው? ወይስ በቅሎን ልጥራት? ትችይዋለሽ ወይስ አትችይውም?»

ስለ በቅሎ ባያነሣ ምናልባት ሌላ ትመልስ ነበር። በቅሎ ለአህያ ዘመድ ብትሆንም እናቴ ፈረስ ናት እያለች የምትንጠባረር ናት፤ አህዪት በእሷ ፊት «አቃተኝ» ከማለት ገደል መግባት ይቀላት ነበር።

«እችለዋለሁ» አለች።

አባ ዔሊ ከመኪናው ሥር ሲገቡ የያዛቸውን አቧራ ገና አላራገፉም። «የተጠየቀው የአንቺ መቻል አይደለም፣ ልጄ። መኪናው ይችላል ወይ ነው» አሉ። አያ ጅቦ ግን ሄዷል፣ ተሳፋሪውም እፎይ ብሎ ተበትኗል። አህዪት አንገቷን ደፋች። አፈረች፤ ግን ቃሏን አላነሣችም።

በማግስቱ ጠዋት በግ፣ ፍየልና ቆቅ ከኋላ ተሳፈሩ፤ አያ ጅቦም የመውጫውን በር ይዞ ተቀመጠ። ሊነሡ ሲሉ አባ ዔሊ ቀስ እያሉ መጡ።

«እርስዎ ደግሞ ወዴት ነው፣ አባ?» አለች አህዪት።

«ጆሮ ያስፈልግሻል። ከእግርሽ አጠገብ ወለሉ ላይ ልቀመጥ። ድምፁ ሲለወጥ እሰማዋለሁ፤ ቁሚ ስልሽ ትቆሚያለሽ።»

«እቆማለሁ» ብላ አንሥታ አስገባቻቸው።

ስድስት መታጠፊያ በደህና ወረዱ። ሰባተኛውን እንዳለፉ ወንዙ ታየ፤ ከኋላም የበጊቱ ትንፋሽ ሲፈጥን ይሰማል። አባ ዔሊ ጆሯቸውን ወለሉ ላይ ጣል አድርገው ነበር።

«ቁሚ፣ ልጄ።»

አህዪት ወንዙን አየች። ስምንተኛው መታጠፊያ ከፊቷ ነው፣ ከእሱ ወዲያ መንገዱ ይሰፋል።

«ይቺን ብቻ ልለፍ፣ አባ። ይዤዋለሁ።»

አዞረችው። መሪው ቀለላት። ሦስት ወር ሙሉ ሲታገላት የኖረው መሪ በሰኮናዋ ውስጥ ያለ አንዳች ጭነት ዞረ፣ እንደገናም ዞረ፤ የግራው ጎማ ግን ፊቱን ወደ ገደሉ አድርጎ ነበር። ፍሬኑን በሁለት እግሯ ረገጠችው። ጠጠሩ ከሥራቸው ተንሸራተተ፣ መኪናው በጎኑ ወደቀ፣ ሁለት ጊዜ ተገልብጦም ከታችኛው መንገድ ላይ አረፈ።

አያ ጅቦ መኪናው ገና ሲያዘነብል ዘሏል። ፍየሏና ቆቋ ተርፈዋል፤ ፍየሏ ግን ሆዷን ይዛ ታቃስት ነበር። አሮጊቷ በግ ወዲያው ሞታለች። አህዪት እግሯን እየጎተተች አባ ዔሊን ፈለገቻቸው። በብረቱና በቋጥኙ መሃል ነበሩ፤ ያ ጠንካራ ልብሳቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል።

«የግራው ነው» አሉ በሰለለ ድምፅ።

«አዎ፣ አባ። የግራው ነው።»

ከዚያ ትንፋሻቸው ቆመ።

አያ ጅቦ መጥቶ ከበጊቱ ራስ አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ፤ እያለቀሰ ዓይኑ ከጭኗ ላይ አልተነሣም። «በራሷ ጊዜ ነው የሞተችው» አለ። ፍየሏ ዘወር ብላ ስታየው «እኔ እንደሆንኩ አልነካኋት» ብሎ ጨመረ። ቀበሮ በእግሩ ወርዶ ሲደርስ ከሁሉ በፊት ከመኪናው ሥር ገባ። ሲወጣ ላስቲኩ በቦታው አልነበረም። «ጎማ ነው፤ ብያት ነበር» አለ።

ወደ ማታ ከወንዝ የተመለሱት እንስሳት ተሰብስበው ሁለቱን ሙታን ቀበሩ፤ በጊቱን የቀበሩት አያ ጅቦ እያጉረመረመ ነው። ከዚያ አህዪትን ከበው ሊያጽናኗት ተቀመጡ። ማንም አልወቀሳትም። ብትወቀስ ይሻላት ነበር።

«አንቺማ የአቅምሽን አደረግሽ» አለች ቆቋ።

«ሌላ ሾፌር ቢሆን ገና በኅዳር ከመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ይጥለን ነበር» አለች ፍየሏ። «ሦስት ወር ሙሉ ብቻሽን ቻልሽው።»

አህዪት ራሷን ቀና አድርጋ ሁሉንም አየቻቸው።

«በኅዳር ቢያቅተኝ ኖሮ መኪናው በኅዳር ይቆም ነበር» አለች። «አባ ዔሊን የገደላቸው መቻሌ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ጉድለትን ፈልጎ ማውጣት ሲገባ በብርታቱ ሸፍኖ «እችለዋለሁ» የሚል፣ የሸፈነው ጉድለት አንድ ቀን ከእሱ አልፎ ያመኑትን ሰዎች እንደሚያጠፋ ነው።