በመዝገብ ያልተወለደችው ፈትለወርቅ

ይህ ተረት በሬ የለውም፤ ጅብም የለውም። ያለው አንድ ኮምፒውተር ነው፤ እሱም አይናገርም። ስለዚህ እኔ ልናገርለት።

ውብሸት የሚባል የብረት በር በያጅ ነበር። የሚፈልገው አንዲት ወረቀት ብቻ ነበር፤ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት። ልጁ ፈትለወርቅ ትባላለች። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ስንዱ ናት። ከወለደች በኋላ ለሌላ ነገር ጊዜ አላገኘችም።

ያ ቀን ዘጠናኛው ቀን ነበር። በልደት መዝገብ ቢሮው ደንብ እስከ ዘጠና ቀን ድረስ የእናት ስም ከሆስፒታሉ ወረቀት ላይ ይገለበጣል። ዘጠና ካለፈ ግን እናትየው ራሷ ቀርባ ትፈርማለች፤ ካልቀረበች በስሟ ቦታ ሰረዝ ይደረጋል። ስንዱ መቅረብ አትችልም። ውብሸት ደግሞ ሰረዝ አይፈልግም። ልጁን በአንድ ክንዱ አቀፈ፣ የሆስፒታሉን ወረቀት በደረት ኪሱ ያዘ፣ ቢሮው ሲከፈት ደረሰ።

መዝጋቢዋ ወይዘሮ ዘነበች ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጠው ነበር።

«ሲስተም የለም፣ ወንድሜ።»

«መቼ ይመጣል?»

«እሱን ሲስተሙ ነው የሚያውቀው።»

«በእጅ ቢጻፍልኝስ?»

«በእጅ የተጻፈ አይታመንም።»

«ያኛውስ?» አለና ጥግ ላይ ካርቶን ውስጥ ያለውን አዲስ ኮምፒውተር አሳያቸው።

«እሱ ገና አልተመረቀም።»

ስክሪኑ ለወይዘሮ ዘነበች አያሳይም፣ ወይዘሮ ዘነበች ወረቀቱን አይጽፉም፣ ፈትለወርቅም ገና አልተወለደችም።

ፈትለወርቅ ይህን አልሰማችም። የአባቷን ኮሌታ ጨብጣ ትጎትት ነበር። ላልተወለደ ሰው ጉልበቷ አያድርስ ነው።

ባለሙያው ሚኪያስ ተጠርቶ መጣ። ኮምፒውተሩን አስነሳው፤ ማራገቢያው ዞረ። የቁልፍ ሰሌዳውን ነካ፤ መብራቱ በራ። ስክሪኑን ነቅሎ ጎረቤት ቢሮ ወስዶ ሞከረው፤ ቦግ አለ። ኬብሉንም ሞከረው፤ ደህና ነው። መልሶ ሰካካቸው፤ ጨለማ። በመጨረሻ ሳጥኑን አዙሮ ጀርባውን አየና ሳቁ መጣ።

«ና እየው ወንድሜ፣ አንተ የሥራ ሰው ነህ ይገባሃል። ሁለት የስክሪን መሰኪያ አለው። ይህ ከማዘርቦርዱ የሚወጣው፣ አብሮት የተሠራው ነው። ይህ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ከተጨመረለት ካርድ የሚወጣ። ካርድ ሲገባለት የራሱ መሰኪያ ዝም ይላል። ኬብሉ የተሰካው ዝም ባለው ላይ ነው።»

«በሚሠራው ላይ ሰካዋ!»

«የሚሠራውማ ይኸው።»

የሚሠራው መሰኪያ ላይ፣ አፉን ጥርቅም አድርጎ፣ የንብረት ቁጥር የተጻፈበት ተለጣፊ ተለጥፎበታል። ክብ ማኅተምም አርፎበታል። አንዱ ጥጉ ብቻ ትንሽ ተገልብጧል።

«እሺ፣ ካርዱን አውጣው፤ የራሱ ይናገር።»

«ሳጥኑ መክፈቻ ላይ ሌላ ተለጣፊ አለ።»

«እኔ በጥፍሬ ልላጠው።»

«እንዳትነካው! ማኅተም የቀደደ ሰው ጉዳዩ ይታገዳል። ያኔ የዘጠናውን ቀን እርሳው።»

ውብሸት ጥፍሩን ሰበሰበ።

ተለጣፊው መሰኪያውን አይለቅም፣ መሰኪያው ስክሪኑን አያበራም፣ ስክሪኑ ለወይዘሮ ዘነበች አያሳይም፣ ወይዘሮ ዘነበች ወረቀቱን አይጽፉም፣ ፈትለወርቅም ገና አልተወለደችም።

ንብረት ክፍል ሄደ። ኃላፊው አቶ ጌጡ የተለጣፊ ጥቅል እንደ አምባር እጃቸው ላይ አጥልቀዋል። ወንበራቸው ላይ ተለጣፊ አለ፤ ዣንጥላቸው ላይም አለ።

«ጋሼ፣ ያንን ተለጣፊ ትንሽ ዝቅ አድርገው ቢለጥፉትስ?»

«እኔ ለመለጠፍ ነው የተቀጠርኩት ልጄ፣ ለማንሳት አይደለም።»

«ታዲያ ለምን እዚያ ላይ ለጠፉት?»

«ለጥ ያለ ቦታ እሱ ነበራ!»

ከመሳቢያቸው አንድ ቅጽ አውጥተው ሰጡት። «ይኸው የማንሻ ደብዳቤ። አቶ ደምሰው ይፈርሙበትና አነሳለሁ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።»

አቶ ጌጡ ተለጣፊውን አያነሱም፣ ተለጣፊው መሰኪያውን አይለቅም፣ መሰኪያው ስክሪኑን አያበራም፣ ስክሪኑ ለወይዘሮ ዘነበች አያሳይም፣ ወይዘሮ ዘነበች ወረቀቱን አይጽፉም፣ ፈትለወርቅም ገና አልተወለደችም።

አቶ ደምሰው የቢሮው ኃላፊ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ናቸው። ውብሸት በሩ ላይ ቆመ። ልጁ አለቀሰች፤ ከጡጦዋ አጠጣት። ደግሞ አለቀሰች፤ ጨርቋን ቀየረላት። ሦስተኛ ስታለቅስ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር።

ስብሰባው አቶ ደምሰውን አይለቅም፣ አቶ ደምሰው ደብዳቤውን አይፈርሙም፣ ደብዳቤው አቶ ጌጡን አያዝዝም፣ አቶ ጌጡ ተለጣፊውን አያነሱም፣ ተለጣፊው መሰኪያውን አይለቅም፣ መሰኪያው ስክሪኑን አያበራም፣ ስክሪኑ ለወይዘሮ ዘነበች አያሳይም፣ ወይዘሮ ዘነበች ወረቀቱን አይጽፉም፣ ፈትለወርቅም ገና አልተወለደችም።

በመጨረሻ በሩን ገፋ አደረገው። አሥራ አንድ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። የሚናገር የለም። ግድግዳው ላይ አጀንዳው ተጽፏል፤ «ተገልጋይ ለምን በዛ?»

«ይቅርታ አቶ ደምሰው፣ አንዲት ፊርማ ብቻ...»

«ስብሰባ ላይ ነን እኮ ወንድሜ።»

«የሚናገር ሰው የለም።»

«ተናግረን ጨርሰናል። የቀረን መነሳት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ይነሱ!»

«ቃለ ጉባኤ ሳይነበብ ማን ይነሳል?»

«ማነው የሚጽፈው?»

«ዘነበች ናታ።»

«በምን?»

«በኮምፒውተር። በእጅ የተጻፈ አይታመንም።»

ውብሸት በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ስክሪኑ ለወይዘሮ ዘነበች አያሳይም፣ ወይዘሮ ዘነበች ቃለ ጉባኤውን አይጽፉም፣ ቃለ ጉባኤው ስብሰባውን አይዘጋም፣ ስብሰባው አቶ ደምሰውን አይለቅም፣ አቶ ደምሰው ደብዳቤውን አይፈርሙም፣ ደብዳቤው አቶ ጌጡን አያዝዝም፣ አቶ ጌጡ ተለጣፊውን አያነሱም፣ ተለጣፊው መሰኪያውን አይለቅም፣ መሰኪያው ስክሪኑን አያበራም፣ ስክሪኑም ለወይዘሮ ዘነበች አያሳይም። ዞሮ ዞሮ እዚያው። ፈትለወርቅም ገና አልተወለደችም።

አሥር ሰዓት ሆነ። ውብሸት ልጁን ታቅፎ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ቁጢጥ አለ። ተለጣፊውን አየው። ስንዱ በሕይወት ብትኖር እስካሁን አይቆይም ነበር። «ምን ታየዋለህ?» ትለውና ላጥ ታደርገው ነበር። ደንብ ሲነገራት «እህ» ትላለች፤ እጇ ግን ሥራውን ጨርሷል።

አቶ ጌጡም ማኅተማቸው ደህና መዋሉን ሊያዩ ከኋላው መጥተው ቆሙ።

ፈትለወርቅ እጇን ዘረጋች። የተገለበጠችው ጥግ መዳፏን ነካች። የሦስት ወር ልጅ መዳፍ ውስጥ የገባ ነገር አይወጣም። ጨበጠች፤ ጎተተች፤ ቸር... ር አለ። ተለጣፊው ከነማኅተሙ አፏ ገባ።

«የመንግሥት ንብረት በላች!» አሉ አቶ ጌጡ።

ውብሸት በጣቱ ከአፏ አወጣው። ቁጥሩ ይነበባል፤ ማኅተሙ ግን ትንሽ ረጥቧል።

«ይህ ዝም አይባልም! ክስ ይጻፍ! ዛሬውኑ! ሚኪያስ፣ ያንን ኬብል ሰካ!»

ሚኪያስ ሁለተኛ እስኪነገረው አልጠበቀም። ስክሪኑ ቦግ አለ። ወይዘሮ ዘነበች መነጽራቸውን አደረጉ።

«የተከሳሽ ሙሉ ስም?»

«ይህችው ናት፣ ይህች ልጅ!» አሉ አቶ ጌጡ።

ወይዘሮ ዘነበች መዝገቡን ፈለጉ። እሳቸው ሲፈልጉ አይቸኩሉም። «መዝገብ ላይ የለችም።»

«እንዴት የለችም? ይኸው አለች!»

«በመዝገብ አልተወለደችም። ያልተወለደ ሰው ደግሞ አይከሰስም፣ አቶ ጌጡ። ደንብ ነው።»

አቶ ጌጡ ልጅቷን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ባዶ የቀረውን የተለጣፊያቸውን ቦታ አዩ።

«ታዲያ መዝግቢያታ!»

«የአቶ ደምሰው ፊርማ ያስፈልጋል።»

«አስፈርሚያቸዋ!»

«ስብሰባ ላይ ናቸው። ቃለ ጉባኤ...»

«ጻፊው! ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?»

ወይዘሮ ዘነበች ቆመው አልነበረም፤ ግን ጻፉት። አራት መስመር ነው፦ ተገልጋይ በዝቷል። ተወያይተናል። እንቀጥላለን። ተነስተናል።

ተለጣፊው መሰኪያውን ለቀቀ፣ መሰኪያው ስክሪኑን አበራ፣ ስክሪኑ ለወይዘሮ ዘነበች አሳየ፣ ወይዘሮ ዘነበች ቃለ ጉባኤውን ጻፉ፣ ቃለ ጉባኤው ስብሰባውን ዘጋ፣ ስብሰባው አቶ ደምሰውን ለቀቀ፣ አቶ ደምሰው ወገባቸውን ይዘው መጥተው ቆሙ።

«የልጅ ስም?» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

«ፈትለወርቅ ውብሸት።»

«የእናት ስም?»

ውብሸት የሆስፒታሉን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። እጥፋቱ ከመነካካት ብዛት ሳስቷል። ወይዘሮ ዘነበች ወረቀቱን አላዩትም፤ እሱን ነው ያዩት። ስለዚህ በአፉ ተናገረው።

«ስንዱ አየለ።»

ቀስ ብለው ጻፉት፤ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል። አቶ ደምሰው ፈረሙ። ሌላ ወረቀት ተከተለ፤ እሱንም ፈረሙ፦ «ለፈትለወርቅ ውብሸት፣ ዕድሜ ዘጠና ቀን፣ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ።»

ውብሸት ሁለቱንም ተቀበለ። ሊወጣ ሲል አቶ ጌጡ አዲስ ተለጣፊ ከአምባራቸው ገንጥለው የስክሪኑን ፊት በመዳፋቸው ሲዳብሱ አየ። ለጥ ያለ ቦታ ነው።

ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ሰረዝ የለም። የስንዱ ስም ያለበት መስመር ላይ ሲደርስ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ልጁ እንድትሰማ። ፈትለወርቅ እጇን ዘረጋች።

«ይህችንስ አትነኪያትም፣ የኔ እመቤት» አላትና ወረቀቱን ከፍ አደረገው። ማስጠንቀቂያውን ግን ሰጣት። እሱን እያኘከች ሄዱ።

እኔ ተረቴን ለጥፌያለሁ፤ ጥፍር ያለው ይላጠው።