የአያ ቢያድግ ጥላና የፊታውራሪው አንገት

ይህን ያወሩልን ሽማግሌዎች እማኝ አልጠሩልንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ድሮ በጣና ዳር አያ ቢያድግ የሚባሉ ታንኳ ሠሪ ነበሩ፤ እጃቸው ደንገል ሲያስር ምላሳቸው መኳንንት ይፈታል። ሀብታቸው አንዲት ታንኳ ብቻ ናት። ሰው የሚያሻግሩት በእሷ፣ የሚበሉትም በእሷ ነው፤ እሷን ካጡ አለቀላቸው።

፩

የአገሩ ገዢ ፊታውራሪ ደምመላሽ ሐይቁን ሲሻገሩ ፀሐይ አናታቸውን መታቻቸው። አያ ቢያድግ ከመቀመጫው በላይ አቡጀዲ በገመድ ወጥረው ጥላ ሠሩላቸው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ግን አቡጀዲው እየረገበ ፊታውራሪውን በጥፊ ይላቸው ጀመር፤ ጨርቅ ነውና ማዕረግ አያውቅም። ፊታውራሪው በገኑ፦ «ገመድ ምን ያደርጋል! ግትር ደጋፊ አቁምለት። ጉድ ብታደርገኝ ታንኳህን ነው የምወርስህ!»

አያ ቢያድግ እጅ ነሡና፣

«ግትር ደጋፊ ከየት ይምጣ ጌታዬ? በእርስዎ ዙሪያ ያለው ደጋፊ ሁሉ እንደሆነ ያጎነብሳል።»

፪

በዚያ አካባቢ ቀርከሃ ያላቸው ባላምባራስ ጫኔ ብቻ ነበሩ። ስስታቸው ለጉድ ነው፤ ሰው ጥላቸው ላይ እንዳያርፍባቸው ፀሐይ ላይ አይቆሙም ይባላል። አያ ቢያድግ አራት ቀርከሃ ቢለምኗቸው፣ አጥር ሥር ወድቆ የከረመውን፣ ነቀዝ የበላውን መርጠው አወጡና «እንካ፣ ከልቤ ነው የሰጠሁህ» አሉ።

አያ ቢያድግ አንዱን አንሥተው በቀዳዳው ሰማዩን አዩበት።

«ያስታውቃል ጌታዬ፤ ውስጡ ባዶ ነው።»

አሽከሮቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ባላምባራስም አፍረው ደህና ደህናውን እርጥብ ቀርከሃ አስቆረጡላቸው።

፫

አያ ቢያድግ ቀርከሃውን ሐይቁ ውስጥ ነክረው ካቆዩ በኋላ በፍም ላይ እያገላበጡ አጎበጡት። ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ሆነ። ለአቡጀዲው ሰገባ ሰፍተው አራቱን ቅስት አስገቡበት፤ ጫፍ ጫፉንም ከታንኳዋ ጎን ጋር ጠፈሩት። ሥራው አምሮላቸው ልባቸው ሞላ።

ፊታውራሪው መጥተው አዩና እግራቸውን ተከሉ። «አጎንብሼ ልገባ ነው? እኔ አንገቴን ለማንም ደፍቼ አላውቅም! ቆሜ እስክገባበት ከፍ አድርገው!»

«ከፍ ካለ ነፋስ ይይዘዋል» ቢሏቸው ማን ሰምቶ። የታዘዘ ሰው ምን ያደርጋል፤ አያ ቢያድግ እያዘኑ ቅስቱን ቀጥለው አስረዘሙት። ታንኳዋ ደብር ተሸክማ የምትሄድ መሰለች። ፊታውራሪው ደረታቸውን ነፍተው፣ ቀጥ ብለው ገቡና «አየህ?» አሉ።

«አየሁ ጌታዬ። ነፋሱም አይቷል።»

፬

ሐይቁ መሐል ነፋሱ ያየውን ጥላ ያዘው። ታንኳዋ ዘመመች። አያ ቢያድግ «ጎንበስ ይበሉ!» ብለው ጮኹ። ቀርከሃው ጎበጠ፤ ፊታውራሪው ግን ቀጥ እንዳሉ ሐይቅ ገቡ። አያ ቢያድግ መቅዘፊያቸውን ዘርግተው ጎትተው አወጧቸው።

ምስጋናው ክስ ሆነ። ፊታውራሪው ማዶ እንደ ደረሱ፣ ውሃው ከልብሳቸው ሳይደርቅ ዳኛ ፊት ቆሙ፦ «ግትር አድርገው አልኩት፣ የሱ ጎበጠብኝ። ታንኳው ይወረስልኝ!» አያ ቢያድግ ዘወር ቢሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙባት ታንኳ ከሐይቁ ዳር ታስራ ትታያቸዋለች። ዳኛው «ግትር ተብለህ ስለ ምን ጎበጠ?» ብለው ጠየቋቸው።

«ጌታዬ፣ አንዲት ታንኳ ሁለት ግትር አትችልም። አንዱ መጉበጥ ነበረበት፤ እኔን የሚሰማኝ ደግሞ ቀርከሃው ብቻ ነው።»

ዳኛው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው እየተነቃነቀ ቆዩ፤ ከዚያም ታንኳዋን ለባለቤቷ ፈረዱ።

፭

ታዲያ ወደ ቤት መመለሻዋም ያችው ታንኳ ናት፤ ሌላ የለም። ፊታውራሪው ወደ ዳር ሲወርዱ አያ ቢያድግ ጥላውን ወደ መጀመሪያው ቁመቱ አውርደው ይጠብቃሉ። ቀትር ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ይፋጃል። ፊታውራሪው ዝቅ ያለውን ጥላ አዩ፣ አያ ቢያድግን አዩ፣ አገጫቸውን ወደ ላይ አነሡ። «አልጎነብስም! ውጭ እቀመጣለሁ!» ብለው ከታንኳዋ አፍንጫ ላይ ቀጥ አሉ።

አያ ቢያድግ መቅዘፊያቸውን ውሃው ውስጥ እያስገቡ፣

«እንደ ፈቀዱ ጌታዬ። ቀርከሃውን ለማጉበጥ እሳት አስፈልጎኝ ነበር፤ ለእርስዎ ፀሐይዋ ትበቃለች።»