ግሱ ሰው ይፈልጋል

አንድ ሰው ነበረ። በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በመንደሩ አስታራቂ። ስለ ይቅርታ ሲያስተምር ድንጋይ ያስለቅሳል። ከታናሽ ወንድሙ ከኤርሲዶ ጋር ግን ዐይንና ናጫ ነበሩ። ምን ተገኘና? ኤርሲዶ ከዚህ ሰው ልጅ ሠርግ ቀረ። ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዱ ይታጠፋል።

ይህ ሰው የውጭ እንግዶች ሲመጡ ላናግር ብሎ ቅዳሜ ከሰዓት እንግሊዝኛ መማር ጀመረ። ክፍል ሲገባ ማንን ቢያይ ጥሩ ነው? ኤርሲዶን፣ ኋላ ወንበር ላይ። ሊመለስ ቃጣውና ሽማግሌው ሸሸ እንዳይሉት ፈርቶ ከፊት ተቀመጠ።

የዕለቱ ትምህርት ከግስ ስም ማውጣት ነበር። መምህርት ጽጌ አስረዳች፤ "ቲች" ብላችሁ ጫፉ ላይ "ኧር" ስትጨምሩ "ቲቸር"፣ አስተማሪ ይወጣል። "ፎርጊቭ"፣ ይቅር ማለት ደግሞ "ነስ" ሲጨመርበት "ፎርጊቭነስ"፣ ይቅርታ ይሆናል። በዚህ ዐረፍተ ነገር ማን ይሠራልኛል አለች። ሰውዬው ይህማ የእኔ ርእስ ነው ብሎ ተነሣና አፉን ሞልቶ "አይ ሃቭ ፎርጊቭነስ" አለ። ይቅርታ አለኝ ማለቱ ነው።

ከኋላ ኤርሲዶ፣ "ከመቼ ወዲህ?" አለ።

በክፍሉ ውስጥ ነገሩን የማያውቅ አልነበረም። መምህርቷ ብቻ ለአገሩ እንግዳ ነበረች። ጥሩ ነው፣ አሁን ደግሞ በግሱ ይሥሩልኝ ብላ ጠመኔ ሰጠችው። እሱም ሰሌዳው ላይ "አይ ፎርጊቭ" ብሎ ጻፈና ነጥብ አደረገ።

"አልሞላም፣ ጋሼ" አለችው። "ስሙ ብቻውን ይቆማል። ግሱ ግን ሰው ይፈልጋል። ማንን ይቅር አሉ?"

ማንን? ወገኖቼ፣ በስብከቱ ዘመን ሁሉ ይህን የጠየቀው የለም። ወንድሜ ሳልታረቀው ቢሞትብኝስ ብሎ አሰበ። ነጥቡን አጥፍቶ "ኤርሲዶ" ብሎ ጨመረ። ዞሮ ማየት ግን አፈረ።

ኤርሲዶ ተነሥቶ መጣ። ጠመኔውን ተቀብሎ ከሥር ያንኑ ጻፈ፤ መጨረሻው ላይ የታላቅ ወንድሙን ስም አደረገ። ሁለቱም ተቃቅፈው ተላቀሱ። መምህርቷ ለሰዋስው የሚለቀስበት አገር መጣሁ ሳትል አልቀረችም።

እኛስ? እኛ ስም እንወዳለን። ፍቅር እንላለን፣ ዕርቅ እንላለን፣ ይቅርታ እንላለን። ስም ምን አለበት? ማንንም አይጠይቅም፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ግስ ግን አይለቃችሁም። እወዳለሁ ስትሉ፣ ማንን? ይላችኋል። ጌታ የወደደን በግስ ነው። ማንን ቢባል፣ እኛን።

እንግዲህ ይቅር እላለሁ ብላችሁ እዚያ ላይ ነጥብ አታድርጉ። አንድ ሰው ጨምሩበት። ማን እንደሆነ አሁን መጣላችሁ አይደል? እሱ ነው። ምሳ ሳትበሉ ወደ ቤቱ ሂዱ።