ብዙ ጓጉንቸር ያለው በር

አንድ ሰው ነበረ፤ የአንድ ሰፈር ቁልፍ ያዥ። ቆዪ ስንዱ ልጄ፣ አታቋርጪኝ፤ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «የሕንፃችንን ማኅበር ሊቀመንበር ከስሼ ረታሁት። ከእንግዲህ የሁሉም ቤት ባለቤት ካልፈረመ አንዲት ሚስማር እንኳ እንዳትመታ የሚል ደንብ አርቅቄአለሁ፤ ይኼ ምን ክፋት አለው፣ እማማ?» አላልሽኝም? እሱኑ ነው የምመልስልሽ።

ጥቂት ጎረቤታሞች ጅብ ቢያስቸግራቸው ቤቶቻቸውን ዙሪያውን፣ አናቱ ላይ እሾህ በተደፋበት ረጅም የድንጋይ ካብ አጠሩ። ባጥሩ ላይ አንድ የጥድ በር አቆሙ፤ ለበሩ አንድ ቁልፍ አበጁ፤ ለቁልፉም አንድ ሰው መረጡ። ሰውየው መጀመሪያ ደግ ነበር። ኋላ ቁልፉ ኪሱን አከበደና ልቡን አቀለለው። ለአማቶቹ ከብት በሩን ወለል አድርጎ የጋራውን ሣር ያስግጣል፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም ያላለውን ደግሞ ደጅ ያሳድራል። አንድ ቀን ከአንድ ገበሬ ጋር በማይረባ ነገር ተጣላና፣ ገበሬው ላሙን እየነዳ አምሽቶ ቢመጣ «አልከፍትም» አለው። ገበሬው ዛፍ ላይ ሲያድር የምትታለብ ላሙን ጅብ በላት።

ገበሬው ከሰሰው፤ ዳኛውም ቁልፉን ነጠቀው። እሰየው! እስከዚህ ድረስ ሁሉም ልክ ነው።

እንግዲህ ቁልፉን ማን ይያዝ? እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ የሚታመን ጠፋ። ገበሬው ላሙ ከዓይኑ አልጠፋችምና «ማንንም አናምንም፤ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጓጉንቸር እናንጠልጥል» አለ። ወፍራም ሰንሰለት ገዝቶ አመጣ። ሸማኔውም፣ ነጋዴውም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ ሁሉም የየራሱን ጓጉንቸር ደረደረበት። በሩ የጨሌ ሻጭ አንገት መሰለ፤ ሁሉም ካልተፈታ አይከፈትም። ያን የቀድሞውን ቁልፍ ያዥ ብቻ ከለከሉት፤ ሰው ሲወጣ አብሮ የሚወጣ፣ ሰው ሲገባ አብሮ የሚገባ ሆነ። ደስ አላቸው። እውነትም ከዚያ ወዲያ የበደላቸው ሰው የለም። ግን ሲፈልግ የወጣም የለም። ሸማኔው ነጋዴውን የተቀየመ ቀን ቁልፉን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ይተኛል።

ታዲያ የቁልፍ ያዡ ልጅ የመጀመሪያዋን ልትወልድ፣ እንደ ወጉ ወደ አባቷ ቤት መጣች። እናቷ ሞታለች። በገበያ ቀን ሰዉ በጠዋት ተሰብስቦ ከፈተ፣ ከውጭ መልሶ ቆላለፈና ሄደ። መጥረቢያ ስቶት እግሩን የቆረጠው ገበሬ ብቻ ቤቱ ቀረ። ረፋዱ ላይ ልጅቱን ምጥ ያዛት፤ ሕፃኑም ተጋድሞ መጣ። አዋላጂቷ ያለችው ካጥሩ ውጭ፣ ወንዝ ዳር ነው።

አባትየው ከፍርዱ ቀን ወዲህ ረግጦት የማያውቀውን የገበሬውን ደጃፍ ረገጠ።

«ወንድሜ፣ ክፈትልኝ።»

«በምን ልክፈትልህ? የኔ አንዲት ናት። የሌሎቹ ገበያ ሄደዋል።»

«ልጄ ልትሞትብኝ ነው።»

«ላሜም ሞታለች» የሚለው ቃል ገበሬው አፍ ላይ ደርሶ ነበር። የልጅቱ ጩኸት ቀደመውና ዋጠው።

እያነከሰ ሄዶ በበሩ ስንጥቅ እጁን አሾለከና የራሱን ጓጉንቸር ፈታ። ሰንሰለቱ ንቅንቅ አላለም። ሰንሰለቱንም ወፍራሙን የጥድ ሳንቃም በመጥረቢያ ደበደበ፤ የመጥረቢያው ስለት ዶለዶመ እንጂ አንዱም አልተበገረም። ያኔ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የቤቱ የኋላ ግድግዳ ራሱ አጥር ነበር፤ ከወዲያ መንገድ ነው። አልጋውን ገፋ አደረገና ዶማ አንሥቶ ግድግዳውን ይንድ ጀመር። እግሩ ደም ያንጠባጥባል። ቁልፍ ያዡ መጀመሪያ ፈዞ አየው፤ ከዚያ እያለቀሰ ጭቃውን በእጁ ይዝቅ ጀመር። ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ሲገኝ ሾልኮ ሮጠ።

አዋላጂቷ በቀዳዳው ተንፏቃ ገብታ ገበሬው አልጋ ላይ ዘጭ አለች።

«ምን ዓይነት ጉዶች ናችሁ? በር የላችሁም?»

«አለን፣ እሜቴ፤ ከፋቹ በዛና ነው» አላት።

ልጅቱ ተገላገለች። ሴት ልጅ፤ እናትም ሕፃንም ደኅና።

ገበያተኛው ሲመለስ ደግሞ በሩ አልከፈት አለ፤ ነጋዴው ወደ ሌላ ገበያ አልፏል፣ ቁልፉም አብሮት ሄዷል። ሰዉ ጆንያውን አዝሎ፣ ፍየሉን እየጎተተ፣ በዚያው ቀዳዳ በገበሬው መኝታ ላይ አለፈ።

«ምነው ሰውዬ! ላምህን ላስበላ ሰው ቤትህን ታፈርሳለህ?» አለው ሸማኔው።

«በሩን ያስቆለፍኩት እኔ ነኝ» አለ ገበሬው። «የማንን ግድግዳ ልናድ ኖሯል?»

በማግስቱ ጓጉንቸሮቹ ወረዱ። ቁልፉን ለዚያ ሰውዬ መለሱለት ወይ ብትዪኝ፣ አልመለሱለትም፤ ሞኞች አይደሉም። በየተራ የሚያዝ ሆነ። በተራው የበደለ እንደሆን ዳኛው አልሞተ! ሰውዬው ግን የገበሬው እግር እስኪሽር ድረስ ጭቃ እያቦካ ግድግዳውን ሲመርግለት ሰነበተ።

ስንዱዬ፣ ያ ቁልፍ ያዥ ያንቺ ሊቀመንበር ነው። እሱን መርታትሽ አኩርቶኛል፤ እኔ ያልነገርኩት ጎረቤት የለም። ያረቀቅሽው ደንብ ግን ሰንሰለቱ ነው። አንዱ ባለቤት ባሕር ማዶ ነው፤ አንዷ አንቺን ካየች ደረጃ ትቀይራለች። ነገ የውኃው ሞተር ቢቆም፣ አራተኛ ፎቅ አልጋ ላይ የዋሉት ሽማግሌ የነሱን ፊርማ እየጠበቁ በጥም ይለቁ? እኔ አውቅሻለሁ፤ ክፉ ሆነሽ አይደለም፣ ተበድለሽ ነው። የተበደለ ሰው ደግሞ በሩን ሲያጠብቅ ማን ከውስጥ እንደቀረ አያይም።

ስለዚህ ሰው እስኪያፈርስልሽ አትጠብቂ። እሑድ ጉባኤው ፊት ቁሚና «ይኼን ደንብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የማነሣውም እኔ ነኝ» በዪ። የሊቀመንበሩ ወገኖች ይስቁ ይሆናል። ድምፅሽ ከተንቀጠቀጠብሽ ወደ እኔ እዪ፤ ፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። የሚስቅ ካለ ጥርሱን እኔ እቆጥርለታለሁ።